ምንጩ ላይ የሚጨፍረው እንግዳና ታች የሚጠጣው ከብት

እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ከሲቀላ ወደ ጫካው በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ሾላ ሥር፣ ሁለት በሬዎችና አንዲት ላም የያዙ አርሶ አደር ቆመዋል። ከብቶቻቸውን ውኃ ሊያጠጡ ወደ ጫካው ቢጠጉም ከብት ወደ ውስጥ እንደማይገባ ተነግሯቸው ተመልሰዋል። ክልከላውን አይቃወሙም። ጫካው የፓርክ መሆኑን፣ የመሬት ሥር ውኃውን አቅፎ የያዘው እሱ መሆኑንም ያውቃሉ። የእርሳቸው ጥያቄ ሌላ ነው። እኛ እዚያ ቆመን ስንነጋገር ሦስት ሚኒባሶች ተከታትለው አለፉን። በአንደኛው ጣሪያ ላይ የቢራ ሣጥን ተደርድሯል፤ ከሌላው የሚወጣው የስፒከር ድምፅ ደግሞ ላሟን አስደንግጦ ገመዱን አስጎተታት። ላማቸው ጠጥታ ትመለሳለች፤ እነዚያ ምን አድርገው ይመለሳሉ ሲሉ ጠየቁ። ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ ጥያቄያቸው እንዲወጣ ግን ፈቅደዋል።

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከእነዚሁ ምንጮች እንደሆነ ለአንባቢ መንገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ከላይ ሴቻ፣ ከታች ሲቀላ ተብለው የተከፈሉት ሁለቱ የከተማዋ መንደሮች ከገደሉ አፋፍና ግርጌ ተቀምጠዋል። ምንጮቹ የሚፈልቁት ከዚሁ ገደል ሥር፣ በጥቅጥቅ ደን መካከል ነው። በምዕራብ በኩል በጋሞ ከፍተኛ ቦታዎች የሚዘንበው ዝናብ ወደ ተሰነጣጠቀው አለት ሰርጎ ይገባል፤ ስምጥ ሸለቆው መሬቱን ከሰበረበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ወደ ላይ ብቅ ይላል። ዝናብ በማያገኘው ወር ሳይቀር ጫካው የማይደርቀው ሥሩ ከዚህ ውኃ ስለሚጠጣ ነው። ከዓይኖቹ የተወሰኑት በግንብ ታስረው ለከተማዋ ነዋሪ የመጠጥ ውኃ ይሰጣሉ። የተረፈው በዛፎቹ መካከል እየተንፏቀቀ፣ አለፍ አለፍ እያለ ኩሬ እየሠራ ወደ ታች ይወርዳል።

ሰው የሚዋኘው በእነዚህ ኩሬዎች ነው። በእርግጥም ያጓጓል። ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ከታች ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ወጣቶች ከዛፍ ሥር ላይ ቆመው በአናታቸው ይዘላሉ፣ ጠልቀው ይቆያሉ፣ በሌላ በኩል ብቅ ይላሉ። ይህ ጸሐፊም በተማሪነቱ ዘመን ከዘለሉት አንዱ ነበር፤ ስለዚህ በዋናተኛው ላይ ድንጋይ ለመወርወር እጁ አይደፍርም።

ችግሩ ዋናው ብቻውን ሳይሆን አብሮት የሚመጣው ነው። በዚያ እሑድ በኩሬዎቹ ዙሪያ ያየነውን እንዘርዝር፦ ሀይላንድ፣ ፌስታል፣ የሻምፑ ከረጢት፣ የጫት ገረባ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ የተሰበረ የቢራ ጠርሙስ። አንድ አሽከርካሪ መኪናውን እስከ ውኃው አፋፍ አስጠግቶ በኦሞ ያጥባል። ዝንጀሮዎቹ የሰዉን መጨፈር ተገን አድርገው ፌስታል እየቀደዱ የተረፈውን ምግብ ይለቅማሉ፤ ባዶውን ደግሞ እንዳሻቸው ይበትናሉ። ጉሬዛዎቹ ከከፍታቸው አልወረዱም፤ ከስፒከሩ ድምፅ በኋላ ጭራሹን አላየናቸውም።

ይህን ያነበበ የወረዳ አመራር ጉዳዩን ለቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይመራው ይሆናል። የግብርናው ገጽ ምን አገባው የሚልም አይጠፋም። የሚያገባን ውኃው ወደ ታች ስለሚወርድ ነው።

ከፌስታሉ እንጀምር። የምግብ ሽታና ጨው የነካው ፌስታል ለከብት ምግብ ነው። ላም ከዋጠችው በኋላ በመጀመሪያው ጨጓራዋ ውስጥ ይቀመጣል፤ አይፈጭም፣ አያልፍም። በላዩ ላይ ሌላ ሲጨመር እየተጠማዘዘ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፤ ገመድና ጨርቅም ካገኘ ያጠብቀዋል። ላሟ ሆዷ የሞላ ስለሚመስላት መብላት ትተዋለች፣ ትከሳለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ትነፋለች። አርሶ አደሩ መድኃኒት ይገዛል፣ ጥገኛ ትል ነው ብሎ ያጠጣል፤ ለውጥ የለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሚታወቀው ከታረደች በኋላ ነው። የእንስሳት ሐኪም ሆድ ቀዶ ሊያወጣው ይችላል፤ ነገር ግን በስንት ቀበሌ ይህን የሚሠራ ሐኪም በቅርብ ይገኛል? አንዲት የወተት ላም ለአንድ ቤተሰብ ምን እንደሆነች የሚያውቅ ሰው የፌስታሉን ዋጋ ሊያሰላው ይችላል።

የጠርሙሱ ስብርባሪ ነገር ግልጽ ነው። ውኃ ውስጥ የወደቀ ጠርሙስ አይታይም፤ የሚያገኘው ባዶ እግሩን የሚገባ ልጅ ወይም የበሬ ሰኮና ነው።

ብዙ የማይነገርለት ደግሞ የሰገራው ጉዳይ ነው። አንድ መቶ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ በሚውልበት ቦታ መጸዳጃ ከሌለ፣ ወይም ቢኖርም ሩቅ ከሆነ፣ ሰው ቁጥቋጦ ሥር ይቀመጣል። ዝናብ ሲመጣ ወደ ውኃው ይታጠባል። ከተቅማጥና ከታይፎይድ ሌላ እዚህ ላይ የሚያሳስበው ቢልሃርዚያ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ሰገራ ውኃ ሲነካ እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ ከውስጡ የወጣው ጥገኛ ወደ አንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ገብቶ ይራባል፤ ከሳምንታት በኋላ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የገባን ማንኛውንም ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። መጠጣት አያስፈልገውም፤ እግር መንከር ይበቃዋል። ይህ ቀንድ አውጣ በፍጥነት የሚፈስ ውኃን አይወድም፤ የሚመቸው የተኛ ውኃ ነው። እንግዶች ደግሞ ለመዝለል እንዲመቻቸው ድንጋይ እየደረደሩ ኩሬውን ያጠልቁታል። ሳያውቁ ለቀንድ አውጣው ቤት ይሠራሉ ማለት ነው። ከታች ለመስኖ ቦይ የሚጠርግ ገበሬ፣ ልብስ የምታጥብ እናት፣ በባዶ እግሩ ከብት የሚያሻግር እረኛ ዕዳው የሚደርስባቸው ናቸው።

የታሰሩት ዓይኖችስ ደኅና ናቸው ወይ? ግንቡ ዓይኑን ይከልላል እንጂ ከላዩ ያለውን አፈር አይከልልም። ከዓይኑ በላይ በኩል የተጣለው ቆሻሻና የተቆፈረው ጉድጓድ ከጎርፍ ጋር ሰርጎ ሊገባ ይችላል። ውኃ ሲደፈርስ ደግሞ ክሎሪን አቅሙ ይቀንሳል፤ ተሕዋስያኑ ከደለሉ ጋር ተጣብቀው ይደበቁበታልና። የተረገጠ፣ ሣሩ ያለቀ፣ መኪና የተመላለሰበት መሬት በክረምት ምን እንደሚያወርድ ገበሬ አይነገረውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ተገቢ ነው። በየገጠሩ ቀበሌ ምንጭ ሲጎለብት ውኃው ቅደም ተከተል አለው። ዓይኑ ይታሰራል፣ ይታጠራል። ከእሱ ቀጥሎ ሰው በእንስራውና በጀሪካኑ የሚቀዳበት ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ የከብት ገንዳ፣ ከዚያ የልብስ ማጠቢያና የገላ መታጠቢያ፣ በመጨረሻ የተረፈው ወደ ማሳ። ማንም ልጅ ያውቀዋል፤ ከመቅጃው በላይ እግሩን የነከረ ሰው ከአዛውንቶቹ ቁጣ አይተርፍም። በታወቁት ምንጮች የምናየው የዚህ ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። እንግዳው እስከ ዓይኑ ይወጣል፤ የአገሬው ሰውና ከብት የእሱን እጣቢ ይጠብቃሉ። ይህ ሁኔታ የአርባ ምንጭ ብቻ አይደለም። በየወረዳው አንድ የሚያምር ምንጭ፣ አንድ ፏፏቴ፣ አንድ ፍል ውኃ አለ፤ መንገድ በገባለት ዓመት ሚኒባሱም ይከተላል።

በጋሞ ምድር ምንጭን መጠበቅ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶች ነውር የሆነውን ሥራ ጎሜ ይሉታል፤ ጎሜ የሠራ ሰው ጥፋቱ በራሱ፣ በከብቱና በአዝመራው ላይ ይመለሳል ተብሎ ይታመናል። በዱቡሻ ተቀምጠው የሚወስኑት ነገር ከማስታወቂያ ሰሌዳ የበለጠ ይከበራል። መስከረም 2011 ዓ.ም ለበቀል የተነሣሣውን የአርባ ምንጭ ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት የጋሞ አባቶች እንደነበሩ አገር ሁሉ አይቷል። በሺህ የሚቆጠርን ቁጡ ወጣት በሣር ያቆመ ሥርዓት የቢራ ሣጥን ከዓይኑ ማራቅ ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ችግሩ እንግዳው ዱቡሻውን አያውቀውም። ስለዚህ ሕጉን የሚነግረው ሰው በመግቢያው ላይ መኖር አለበት።

ይህ ሰው ማን ይሁን? እዚያው ለስላሳና በቆሎ የሚሸጡት፣ መንገድ የሚመሩት ወጣቶች ናቸው። እነሱን ማባረር ቀላሉና የተሳሳተው መንገድ ነው ባይ ነኝ። ምንጩ ይዘጋ የሚል አስተያየትም እንሰማለን። ይዘጋ ከተባለ የመጀመሪያው ተጎጂ እነሱ ይሆናሉ፤ ሁለተኛ፣ እንግዳው ጥበቃ ወደሌለበት ሌላ ምንጭ ይሄዳል። ወጣቶቹ ተደራጅተው መግቢያውን ቢይዙ፣ የሚገባውን ሀይላንድና ጠርሙስ ቆጥረው መያዣ ገንዘብ ቢቀበሉ፣ ባዶውን ሲመልስ ገንዘቡን ቢመልሱ፣ ያልተመለሰው ለእነሱ ቢቀር ብዙ ነገር ይስተካከላል። የለስላሳ ጠርሙስ በየሱቁ በመያዣ ሲሠራበት የኖረ አሠራር ነው፤ የሚያስተምረው ሰው አይፈልግም።

ሌላው የሜዳ ሥራ ነው፤ ለወረዳ ባለሙያም አዲስ አይደለም። መኪና ማቆሚያውን ከውኃው ማራቅ፤ አንድ ሰው የቢራ ሣጥን ተሸክሞ ረጅም መንገድ መሄድ ካለበት ግማሹን ይተወዋል። መጸዳጃውን ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር አርቆ፣ ከዓይኑ በታች በኩል መሥራት። ከዓይኑ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር፣ ዙሪያውን ማጠር። ዋና የሚፈቀድበትን አንድ ኩሬ ከመቅጃው በታች ለይቶ ማሳየት፣ ሌላውን መከልከል። ሳሙናና የመኪና እጥበትን ደግሞ ያለ ድርድር ማስቀረት። አጥር ሲታጠርም ለከብቱ ገንዳ ይሠራለት። ገንዳ የሌለው አጥር ሁለት ክረምት አይቆምም፤ የተጠማ ከብት ያለው ሰው ይነቅለዋል፣ አይፈረድበትምም።

ሕጉም አለ። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከሌሎች አገልግሎቶች ሁሉ ቅድሚያ የሰጠው ለቤት ውስጥ ፍጆታ ነው፤ መዝናኛ ከመጠጥ ቀድሞ አይመጣም። በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅም ፌስታልን ከልክሏል። ክልከላው ያተኮረው ከረጢቱ ላይ በመሆኑ የሀይላንዱ ነገር ለየአካባቢው ደንብ የተተወ ይመስላል፤ ቀበሌም ሆነ ወረዳ የራሱን ደንብ ለማውጣት ሌላ ሰው መጠበቅ የለበትም።

ጉዳዩ ሌላ ቦታ እንዴት ተያዘ ብለን ብንጠይቅ፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ከ1 ሺህ በላይ ምንጮች አሉ፤ ጠላቂዎች ኦክስጅን ሳይሆን የታመቀ አየር ተሸክመው ዓይናቸው ድረስ ዋሻ ለዋሻ ይገባሉ። ኢቸተክኒ በተባለው የምንጭ ወንዝ ላይ በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ተንሳፍፎ መውረድ የበጋ ልማድ ነው። ሕዝብ ሲበዛ የወንዙ ሣር በእግር ተረግጦ አለቀ። መፍትሔው ወንዙን መዝጋት አልነበረም፤ ከላይኛው መግቢያ የሚገባውን ሰው በቀን በ750 ገደቡት፣ የሚጣል የምግብና የመጠጥ መያዣ ይዞ ወንዙ ላይ መውጣትንም ከለከሉ። ቁጥሩ ሲሞላ በሩ ይዘጋ ነበር። እኛ ጋ በመስቀል ሰሞን፣ በሰርግና በምርቃት ወቅት ስንት ሰው በአንድ ቀን ምንጩ ላይ እንደሚውል ቢቆጠር ኖሮ ስለ ገደብ ለመነጋገር መነሻ በሆነን ነበር። መቁጠር ገንዘብ አይጠይቅም፤ በመግቢያው ላይ ደብተርና እስክርቢቶ የያዘ አንድ ሰው ይበቃል።

ከጫካው ስንወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እኒያ አርሶ አደር ከመንገዱ ዝቅ ብለው፣ ውኃው ከጫካው ወጥቶ በጠባብ ቦይ በሚሄድበት ቦታ ከብቶቻቸውን እያጠጡ አገኘናቸው። ላሟ ከመጠጣቷ በፊት ቦዩ ውስጥ የተሰነቀረውን ፌስታል በዱላቸው አውጥተው በእሾህ ቁጥቋጦ ላይ ሰቀሉት። ተከትሎት የመጣውን ሀይላንድ ግን አልጣሉትም። አጥበው፣ አራግፈው ያዙት፤ ለዘይት ይሆነኛል አሉ።