ከአበርገሌ ለዋይፋይ ካርድ ፍለጋ ከመውጣትዎ በፊት

የአሮጌ ላፕቶፕ ዋይፋይ ካርድ ውድ ዕቃ አይደለም፤ ከመለዋወጫዎቹ ሁሉ ከርካሾቹ አንዱ ነው። የሚያስወድደው መንገዱ ነው። በዋግ ኽምራ አበርገሌ ቆላ ያለ መምህር ወይም የወረዳ ባለሙያ «ካርዴ ተበላሸ» ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ ሰቆጣ መውጣት አለበት። ሰቆጣ ካጣው ወልድያ ወይም ደሴ ይጠይቃል። እዚያም ካልተገኘ፣ ከሰቆጣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ አደራ ይላል። ዕቃው ተገዝቶ፣ በሰው እጅ ተልኮ ከደረሰ በኋላ አልገጥምም ካለ ደግሞ ያው መንገድ እንደገና ይጀመራል። መርካቶ አጠገብ ለሚኖር ሰው «አንድ ገዝተህ ሞክረው» የሚለው ምክር ይሠራለት ይሆናል፤ ለዋግ ኽምራ ሰው ግን አያዋጣም። እዚህ የሚያዋጣው አስቀድሞ ማጣራት ነው። «ተቃጥሏል» የተባለ ካርድ ብዙ ጊዜ ሲጣራ ደህና ሆኖ ይገኛልና።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል፤ በዚያው ዓመት የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ያለ ኢንተርኔት አይሞከርም። ለአንድ የገጠር ተማሪ ወይም መምህር ከእነዚህ ጋር የሚያገናኘው ዩዝድ ላፕቶፕ ነው፤ በአንዲት ትንሽ ካርድ ምክንያት መጣል የለበትም።

ካርዱ ከላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ያለ፣ ከክብሪት ሳጥን የማይበልጥ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሰሌዳ ነው። በአንድ ጠርዙ ወደ ማዘርቦርዱ ይሰካል፤ በሌላው በኩል ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይያያዙበታል። ሽቦዎቹ አንቴናዎች ናቸው፤ በስክሪኑ ማጠፊያ በኩል አልፈው እስከ ስክሪኑ አናት ይደርሳሉ። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ብሉቱዝም በዚሁ ካርድ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ዋይፋይ ሲጠፋ ጥፋተኛው ከአራቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፦ ቅንብሩ፣ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር)፣ አንቴናው ወይም ካርዱ ራሱ። አዲስ ካርድ መግዛትን የግድ የሚለው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ከቅንብሩ እንጀምር። በአሮጌ ላፕቶፖች ጎን ላይ ወይም ፊት ለፊት ትንሽ ተንሸራታች ማብሪያ አለች፤ ቦርሳ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ሳይታወቅ ትዘጋለች። ማብሪያ የሌላቸው ደግሞ በኪቦርዱ ላይ የአንቴና ምልክት ያለበት ቁልፍ አላቸው፤ እሱን ከኤፍኤን ቁልፍ ጋር አብሮ መጫን ነው። የአውሮፕላን ምልክቱም በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። እነዚህን ማንም ሊያውቃቸው ይችላል፤ በዋግ በተለይ የሚያስቸግሩት ግን የሚከተሉት ሁለቱ ናቸው።

አንደኛው ቀኑ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት መብራትና ኔትወርክ ተቋርጦ ሳለ ሳይከፈቱ የከረሙ ላፕቶፖች ብዙ ናቸው። ላፕቶፕ ያለ ኃይል ሲከርም ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ባትሪ ትሞታለች፤ ሰዓቱና ቀኑም ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ከዋይፋይ ጋር ይገናኛል፤ ገጾቹ ግን የደኅንነት ማስጠንቀቂያ እያሳዩ አይከፈቱም። ሰው ይህን ሲያይ «ዋይፋዩ ሞተ» ይላል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር መሙላትም ያው ችግር ያመጣል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባው የፈረንጆቹ ቀን ነው። ባትሪዋ በአብዛኛው ሲአር 2032 የምትባለው ናት፤ በአንዳንድ ላፕቶፖች ሽቦ ተበይዶባት ስለሚመጣ ከመግዛት በፊት ያለችውን አውጥቶ ማየት ይገባል።

ሁለተኛው ሆትስፖቱ ነው። በገጠሩ ዋግ ዋይፋይ ማለት በአብዛኛው የስልክ ሆትስፖት ነው። አዳዲስ ስልኮች ሆትስፖታቸውን በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሚያሰራጩበት ጊዜ አለ። ብዙዎቹ አሮጌ ካርዶች፣ ለምሳሌ አቴሮስ 9285 ወይም ብሮድኮም 4313፣ የሚሰሙት 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የጎረቤቱ ስልክ የሆትስፖቱን ስም እያየ ላፕቶፑ ምንም አያይም፤ ባለቤቱም ስልኩን ስለቀየረ ሳይሆን ካርዱ ስለሞተ ይመስለዋል። መድኃኒቱ ስልኩ ላይ ነው፦ የሆትስፖቱን ቅንብር ከፍቶ ሞገዱን ወደ 2.4 ማድረግ። ስሙ እየታየ የማይገናኝ ከሆነ ደግሞ የደኅንነት ዓይነቱን ከደብልዩፒኤ 3 ወደ ደብልዩፒኤ 2 መመለስ። አዲስ ስልክ በተገዛ ሰሞን የጠፋ ዋይፋይ ካጋጠመዎት ሌላ ከመነካካት በፊት ይህን ይሞክሩ።

ይህ ሁሉ ካልፈታው ዲቫይስ ማኔጀር የሚባለውን የዊንዶውስ መስኮት ከፍቶ የኔትወርክ ዕቃዎችን ዝርዝር ማየት ነው። ካርዱ በስሙ ተዘርዝሮ ቢጫ ምልክት ካለበት ድራይቨሩን ይጠርጥሩ። ዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ ገና አይደምድሙ። ላፕቶፑን አጥፍተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው፣ የሚወጣ ባትሪ ከሆነ አውጥተው የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሴኮንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ሲፈስ ተሰውሮ የነበረ ካርድ ተመልሶ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከዚህ ሁሉ የላቀው ፈተና ግን ኡቡንቱን የመሰለ የሊኑክስ ሥርዓት በፍላሽ ጭኖ፣ ዊንዶውሱን ሳይነኩ ከፍላሹ መነሳት ነው። በዚያ ዋይፋዩ ከሠራ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ ሥራው ድራይቨር መጫን ብቻ ይሆናል። በሰቆጣ ያሉ ጠጋኞች ሁሉ እንዲህ ያለ ፍላሽ በኪሳቸው ቢኖራቸው ብዬ እመኛለሁ፤ ብዙ ሰው ከማይፈልገው ወጪ ይድናል።

አንቴናው የተጎዳ እንደሆነ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ስልኩን ከላፕቶፑ አጠገብ ያስቀምጡ። እዚያ በደንብ እየሠራ አሥር እርምጃ ሲርቅ የሚጠፋ ከሆነ ካርዱ አልተቃጠለም፤ አንቴናው ተበጥሷል ወይም ከካርዱ ወልቋል። የስክሪን ማጠፊያው ተሰብሮ በብሎን ወይም በማጣበቂያ የተጠገነ ላፕቶፕ ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ሽቦው በዚያ ጠባብ ቦታ ስለሚያልፍ ከማጠፊያው ጋር አብሮ ይቆረጣል። ለእንዲህ ያለው ላፕቶፕ አዲስ ካርድ ቢገዙለትም ለውጥ አያመጣም።

እስኪጣራ ድረስ ሥራ መቆም የለበትም። ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተው በስልኩ ላይ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ያብሩ፤ ላፕቶፑ ያለ ምንም ዋይፋይ ካርድ ኢንተርኔት ያገኛል። ገመዱ ዳታ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ርካሽ ገመዶች አይሠሩም። የጎደለ ድራይቨርም በዚሁ መንገድ ሊወርድ ይችላል። አንድ ላፕቶፕና አንድ ስልክ ብቻ ላለው ሰው ይህ ዘላቂ መፍትሔ ቢሆንም የሚያሳፍር አይደለም፤ ስልኩም እግረ መንገዱን ቻርጅ ይሆናል።

መክፈት የግድ ሲሆን ኃይሉን ሙሉ በሙሉ መቁረጥ ይቀድማል። ባትሪው ውስጥ የተቀበረ ከሆነ መጀመሪያ የእሱን መሰኪያ መንቀል። በደረቁ ወራት በሰውነት ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ካርዱን ሊጎዳው ስለሚችል ያልተቀባ ብረት ነክቶ መጀመር ጥሩ ነው። ካርዱ በአንዳንዶቹ ከታችኛው ክዳን ሥር ወዲያው ይገኛል፤ በአንዳንዶቹ ኪቦርዱን ማንሳት ይጠይቃል። ከመንቀልዎ በፊት የትኛው ሽቦ የት እንደገባ በስልክ ፎቶ ያንሱ። የሽቦዎቹን ጭንቅላት በጥፍር ወደ ላይ ማንሳት እንጂ ሽቦውን መጎተት ክልክል ነው፤ እነዚህ ጥቃቅን መሰኪያዎች የተሠሩት ለ30 ጊዜ ያህል መሰካትና መንቀል ብቻ ነው። አንድ ወይም ሁለት ብሎን ሲፈታ ካርዱ ራሱ ተንሸራቶ ብቅ ይላል። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለው ያሹ፣ ፍርፋሪውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፣ የቆላውን አቧራ ከመሰኪያው ያስወጡ፣ መልሰው ይሰኩ። ብዙ ካርድ በዚህ ብቻ ይነሳል።

ካልተነሳ መግዛት ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄው ይብሳል። ከ2003 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. አካባቢ የወጡት ላፕቶፖች ሚኒ ፒሲአይ የሚባለውን ሰፊ ካርድ ይይዛሉ፤ እነዚህን አሁን ማግኘትም ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 2013 አካባቢ የወጡት በአብዛኛው ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ናቸው፤ ይኸውም ሙሉው 30 በ51 ሚሊ ሜትር፣ ግማሹ 30 በ27 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉት ኤም 2 ይባላሉ፤ 22 በ30 ሚሊ ሜትር። ከሦስቱ ዓይነቶች አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ስም ብቻውን ደግሞ ያሳስታል። ኢንቴል 7260 ለአሮጌ ላፕቶፕ የምመርጠው ካርድ ነው፤ ሁለቱንም ሞገድ ይሰማል፣ ለዊንዶውስ 7ም ድራይቨር አለው። ነገር ግን በሁለት ቅርጽ ተሠርቷል፦ መጨረሻው ኤችኤምደብልዩ የሆነው ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ሲሆን፣ ኤንጂደብልዩ የሆነው ኤም 2 ነው። አዲስ አበባ ላለው ዘመድ «7260 ግዛልኝ» ብቻ ከተባለ የማይገጥመው ሊመጣ ይችላል።

በአዲሶቹም ወጥመድ አለ። ኢንቴል 9560 እና ኤኤክስ 201 ግማሽ ሥራቸውን ለፕሮሰሰሩ ስለሚተዉ ለዚህ የተሠራ ፕሮሰሰር በሌላቸው ላፕቶፖች አይሠሩም፤ 9260 እና ኤኤክስ 200 ግን ራሳቸውን ችለው ይሠራሉ። በኤኤክስ 200 እና በ201 መካከል ያለው የአንድ ቁጥር ልዩነት የጉዞውን ወጪ ሁሉ ከንቱ ሊያደርግ ይችላል። ኤኤክስ 200 ደግሞ ለዊንዶውስ 7 ይፋዊ ድራይቨር የለውም።

ከሁሉ የሚያናድደው የአምራቾቹ ክልከላ ነው። አሮጌ ኤችፒና ሌኖቮ ላፕቶፖች ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውጭ የሆነ ካርድ ሲያገኙ መነሳት እምቢ ይላሉ፤ ቲንክፓድ 1802 የሚል ቁጥር፣ ኤችፒ 104 የሚል ቁጥር ያሳያል። ካርዱ ጤነኛ ነው፣ ላፕቶፑም ጤነኛ ነው፣ አምራቹ ግን የራሱን ካርድ ብቻ እንዲገዙ ወስኗል። የገዙትን ዕቃ በገዛ እጅ መጠገን መብት ሊሆን ሲገባው እንዲህ መታጠሩ ለእኔ ግልጽ በደል ነው፤ የሚጎዳውም ከሁሉ በላይ ከገበያ የራቀውን ሰው ነው። ለእነዚህ ላፕቶፖች መፍትሔው አሮጌው ካርድ ላይ የተለጠፈውን የአምራቹን የመለዋወጫ ቁጥር ይዞ ያንኑ መፈለግ ነው፤ ሌኖቮ ላይ ኤፍአርዩ ከሚለው ቀጥሎ ይገኛል። ዴል ይህን ክልከላ በአብዛኛው አያደርግም።

ስለዚህ አደራ ሲልኩ የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴል፣ የካርዱን የፊትና የጀርባ ፎቶ፣ ማስመሪያ አጠገብ አድርገው ያነሱትን ሌላ ፎቶ፣ የዊንዶውሱንም ዓይነት አብረው ይላኩ። ከተቻለ አሮጌውን ካርድ ራሱን መላክ ይሻላል፤ ሻጩ ከዕቃው ጋር አስተያይቶ ይሰጣል።

አዲሱ ሲመጣ አጋድሞ አስገብቶ፣ ወደ ታች ተጭኖ ብሎኑን ማሰር ነው። ጥቁሩና ነጩ ሽቦ ቀድሞ ባነሱት ፎቶ መሠረት ወደየመሰኪያቸው ይገባሉ፤ በአብዛኞቹ ካርዶች ላይ ጥቁርና ነጭ ሦስት ማዕዘን ይጠቁማል። ጭንቅላቱን በትክክል ከላይ አስተካክለው በጣት ሲጫኑት ቀጭ ይላል፤ ቀጭ ሳይል በጉልበት አይጫኑት። ሦስተኛ ግራጫ ሽቦ ተርፎ ከታየ ጫፉን በፕላስተር ሸፍኖ መተው ነው።

ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ የመጣ ከሆነ፣ ወይም በክልከላው ምክንያት ተስማሚ ካልተገኘ፣ ማዘርቦርዱን እሳት አስነክተው እንዲሞክሩት አይፍቀዱ። በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ዋይፋይ ይግዙ፤ ምንም ክልከላ አይመለከተውም፣ ላፕቶፑ ቢሞት እንኳ ወደ ሌላው ይዛወራል። የጥፍር ያህሉ ስልክ አጠገብ ላለ ሰው ይበቃል፤ ከትምህርት ቤት ወይም ከቢሮ ራውተር ርቆ ለሚሠራ ባለ አንቴናው ይሻላል። ድራይቨሩን ሻጩ እዚያው በፍላሽ እንዲሰጥ ይጠይቁ። በጉዞ ጊዜ ነቅለው ያስቀምጡት፤ እንደተሰካ ቦርሳ ውስጥ ከገባ ተመትቶ የዩኤስቢ መሰኪያውን ይሰብራል።