ሰርቮ ቁልቁለትን አያሳጥርም

«ሰርቮ አስገጥምላት፤ እንደ አዲስ ትቆምልሃለች።» ሰርቮ የሌላት አሮጌ ፒካፕ ያለው ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። ምክሩ ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ለከሚሴ ባለመኪና ብዙ ሊያስከፍል ይችላል። የከሚሴ ፒካፕ የጨፋን ሜዳ ብቻ እያሰሰች አትውልም። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ትጫናለች፤ ደሴ ስትመላለስ ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን ጠመዝማዛ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ደግሞ ጣርማበር ይጠብቃታል።

ሰርቮ ከማስተር ሲሊንደሩ ጀርባ የሚቀመጠው ክብ ቆርቆሮ ነው። በአንድ ወገኑ ሞተሩ የሚስበው ቫኪዩም፣ በሌላው የውጭ አየር አለ፤ የሁለቱ የግፊት ልዩነት እግርን ያግዛል። ሥራው ይኸው ነው። ሸራውን አያሰፋውም፣ ታምቡሩንም አያቀዘቅዘውም። ያለ ሰርቮ ጎማዋን መቆለፍ የምትችል መኪና ሰርቮ ስለተጨመረላት ብቻ በአጭር ርቀት አትቆምም፤ ከዚያ በኋላ የሚወስነው ጎማው አስፋልቱን የመያዝ አቅሙ ነው። እንዲያውም ያለ ሰርቮ የሚሠራ ፔዳል የእግርን ኃይል ብዙውን ጊዜ ወደ 6 እጥፍ ያባዛል፤ ሰርቮ ያለው 4 እጥፍ ገደማ ይበቃዋል። የድሮው ፔዳል ሳይነካ ሰርቮ ሲጨመርበት ፍሬኑ ከልክ በላይ ይነክሳል። ዝናብ ላይ አያድርስ።

ሌላም ነገር አለ። የሰርቮ ጉልበት የሚመጣው ከውጭው አየር ስለሆነ ከፍታ ያደክመዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ጣርማበር የአየሩ ግፊት ከከሚሴው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። እገዛው የሚቀንሰው እንግዲህ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት ቦታ ነው።

«ሰርቮ የትኛውም ሞተር ላይ ይሠራል» የሚባለውም አያስኬድም። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ቫኪዩም ይፈጥራል። ዲዝል ግን እንደ ቤንዚን ሞተር አየሩን የሚያንቅበት ስለሌለው በቂ ቫኪዩም አያገኝም፤ የራሱ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ብዙ የቶዮታ ዲዝሎች ላይ ይህ ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ተያይዟል። ከተጋጨች መኪና ሰርቮውን ብቻ ፈትቶ ያመጣ ሰው የገዛው ባዶ ቆርቆሮ ነው።

ከሁሉም የከፋው «ፍሬን ድንገት ይበጠሳል» የሚለው እምነት ነው። ቱቦ መፈንዳቱ፣ ዘይት መፍሰሱ አይካድም። ቁልቁለት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ ሳያስጠነቅቅ አይመጣም፦ ሸራው ይሸታል፣ ፔዳሉ እየሰመጠ ይሄዳል ወይም መኪናዋ ለእግር አለመታዘዟ ይታወቃል። ከነጭነቷ 3 ቶን የምትመዝን ፒካፕ ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1,800 ሜትር በላይ ትወርዳለች። የዚያ ቁልቁለት ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር 150 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሞተሩ ድርሻውን ካልወሰደ አብዛኛው የሚያርፈው አራት ታምቡሮች ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፦ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ይታመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሰርቮ ይህን እንፋሎት በበለጠ ጉልበት ከመጭመቅ ሌላ የሚያደርገው የለም።

ታዲያ ቁልቁለት ላይ «ነዳጅ ይቆጥባል» ብሎ ዜሮ ማርሽ የሚያስገባ ሾፌር ሁለት ጊዜ ይከስራል። ዲዝል ሞተር በማርሽ ሲወርድና እግር ከነዳጅ ሲነሳ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ ዜሮ ላይ ግን ላለመጥፋት ይጠጣል፣ መኪናዋንም መያዙን ይተዋል። ሞተሩን ጨርሶ የሚያጠፋስ? መኪናዋ ሰርቮ ከሌላት ፍሬኑ እንደነበረ ይቆያል። ሰርቮ ያላት ግን ጥቂት ጊዜ ከተረገጠች በኋላ እገዛዋ ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። «አሻሽያታለሁ» ያለ ባለቤት የድሮ ልማዱን ይዞ ከቀጠለ አደጋው ከቀድሞው ይብሳል።

ትልቅ ማስተር ሲሊንደር የተሻለ ይይዛል የሚለውም የተገላቢጦሽ ነው። ከ25 ሚሊሜትር ወደ 22 ቢወረድ በዚያው እግር ግፊቱ በ29 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ፔዳሉ ግን በዚያው ልክ ጠልቆ ይወርዳል። ሰርቮ ለሌላት መኪና ይህ በትንሽ ወጪ ብዙ የሚገኝበት ማሻሻያ ነው፤ ሸራው በደንብ ተስተካክሎ መቀራረቡ ግን ግድ ነው።

የፊት ዲስክ ማስገባት ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ዲስክ ሙቀቱን ቶሎ ይበትናል። ነገር ግን ታምቡር ውስጥ ያለው ሸራ በጎማው ዙረት ራሱን እየጎተተ ይጣበቃል፣ ዲስክ ይህ የለውም። ስለዚህ ሰርቮ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

የኋላውን የጭነት ቫልቭ በተመለከተ አጭር ነገር፦ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘችው ይቺ ቫልቭ ጭነት ሲኖር ለኋላ ጎማዎች ግፊት ትጨምራለች፣ ባዶ ሲሆን ትቀንሳለች። «ፍሬን ትሰርቃለች» ብሎ በሽቦ የሚያስራት ሰው ጭነቱን አራግፎ ባዶውን ሲመለስ ኩርባ ላይ የኋላ ጎማው ይቆለፍና መኪናው ይዞርበታል።

ገንዘቡ የተወሰነ ከሆነ እኔ የማስቀድመው አዲስ ዘይት፣ አዲስ የጎማ ቱቦዎችና ባለሁለት ክፍል ማስተር ሲሊንደር ነው። በድሮዎቹ መኪኖች የዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ስለሆነ አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። በአሜሪካ የተከፈለ መስመር ለአዲስ የቤት መኪኖች የግድ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ለፒካፖች ግዴታው ከዚያ ዘግይቶ መጣ። ሰርቮው ከእነዚህ በኋላ ይግባ፤ ዲዝል ከሆነች ደግሞ ከነፓምፑ።