የጎብኚ ወረቀት የተማሪ ወረቀት አይደለም

ሰሞኑን በማደሪያችን አንድ ወሬ ነበር። የአንዱ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም የአክስቱን ልጅ ሠርግ ሊያይ በጎብኚ ቪዛ አሜሪካ ሄዷል። እናታቸው ለመሳፈሪያው በሬ ሸጠዋል። ልጁ እዚያ ከደረሰ በኋላ ኮሌጅ ገብቶ መማር አማረው። «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ» የሚል አንድ ሰው ታዲያ «ዝም ብለህ ተመዝገብና ክፍል ግባ፤ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል» ብሎ ገንዘብ ጠየቀው። ወንድምየው ደውሎ «እናንተ አስተማሪ ልትሆኑ አይደል? እስቲ ንገሩኝ፣ ይሆናል?» አለን።

መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ሦስት ምሽት በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ደንቡን እያነበብን፣ ያልገባንን የእንግሊዝኛ መምህራችንን እየጠየቅን ቆየን። ያገኘነውን እነሆ ጽፈናል። ይህ እኛን ምን ያገባናል የሚል ካለ፣ ነገ በየወረዳው ስንመደብ ወላጅ ወረቀት ይዞ «አንብቡልን» እያለ የሚመጣው ወደ አስተማሪ ነውና ያገባናል።

1. ቪዛና ስታተስ ምንና ምን ናቸው?

ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። በእኛው ግቢ እንመስለው። ዘመድ ሊጠይቀን ሲመጣ ዘበኛው መታወቂያውን ይዞ ያስገባዋል። ያ ዘመድ ግቢ ገባ ማለት ሠልጣኝ ሆነ ማለት አይደለም፤ ክፍል ገብቶ አይማርም፣ ፈተናም አይቀመጥም። ሠልጣኝ የሚያደርገው ሬጅስትራር ነው።

ቪዛም እንዲሁ በር ላይ የሚታይ ወረቀት ነው። ስታተስ የሚባለው ግን ሰውየው ከገባ በኋላ በምን ስም፣ እስከ መቼ እንዲቆይ እንደተፈቀደለት የሚያሳየው ነው። ይህም አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይጻፋል። ለጎብኚ፣ ማለትም ለቢ-2፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይሰጣል። ቪዛው ላይ ያለው ቀን ገና ዓመት ቢቀረውም፣ የሚቆጠረው አይ-94 ላይ ያለው ቀን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

2. ጎብኚ እንዴት ተማሪ ይሆናል?

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ወደ አገር ተመልሶ ከኤምባሲ የተማሪ ቪዛ፣ ማለትም ኤፍ-1፣ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው እዚያው ሆኖ ስታተስ ለማስቀየር ማመልከት ነው። የሁለተኛው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፦

ሀ) የውጭ አገር ተማሪ ለመቀበል ከመንግሥት ፈቃድ ያለው ትምህርት ቤት ተቀባይነት ማግኘት። ትምህርት ቤቱ አይ-20 የሚባል ወረቀት ይሰጣል። ለዚህም የአንድ ዓመት ወጪውን ማን እንደሚከፍል የሚያሳይ የባንክ ማስረጃ ይጠየቃል።

ለ) ሴቪስ ለሚባለው የተማሪዎች መዝገብ መክፈል። ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 350 ዶላር ከፍ ብሏል።

ሐ) አይ-539 የሚባለውን ፎርም ሞልቶ ለዜግነትና ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ማስገባት። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በወጣው ተመን በኮምፒውተር ለሚያስገባ 420፣ በወረቀት ለሚያስገባ 470 ዶላር ነው። ተመን ይለዋወጣልና ከመክፈል በፊት የዕለቱን ማየት ያስፈልጋል።

ፎርሙ የአይ-94 ቀን ሳያልፍ መግባት አለበት። አንድ ቀን እንኳ ቢያልፍ ነገሩ ይበላሻል። አመልካቹም አገሩ የሚመለስበት ቤት እንዳለው፣ ትምህርቱን ጨርሶም እንደሚመለስ ማስረዳት ይጠበቅበታል። «መጀመሪያ ለሠርግ ነው ያልከው፣ አሁን ለምን ትምህርት አልክ?» ተብሎ ቢጠየቅ እውነተኛ መልስ ሊኖረው ይገባል።

3. «ክፍል ግባ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» ይሆናል?

አይሆንም። ደንቡ በግልጽ ቢ-2 የያዘ ሰው ስታተሱ ሳይቀየር ትምህርት መጀመር እንደሌለበት ይናገራል። ቀድሞ የጀመረ ሰው የገባበትን ደንብ አፈረሰ ይባላል፤ ለውጡንም የሚያስከለክለው ይኸው ነው። አንዳንድ ሰው «ፎርሙን አስገብቻለሁ እኮ» ይላል። ማስገባት ማመልከት ነው እንጂ መፈቀድ አይደለም።

ታዲያ መልሱ ሳይመጣ ትምህርቱ ቢጀመርስ? ትምህርት ቤቱ ውስጥ የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ የሚይዝ ሹም አለ። እሱ የመጀመሪያውን ቀን ወደሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ያዛውራል። መጠበቅ ያሰለቻል፤ ቢሆንም ይሻላል።

4. ሌሎች መታወቅ ያለባቸው ነጥቦች

— ማመልከቻው ሳይመለስ ከአሜሪካ የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠራል።

— ስታተስ ተቀየረ ማለት ቪዛ ተገኘ ማለት አይደለም። ተማሪው እናቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ቢመጣ፣ ለመመለስ ከኤምባሲ የተማሪ ቪዛ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል፤ ሊከለከልም ይችላል።

— ያለ ቪዛ በአውሮፓ ፓስፖርት የገቡ ሰዎች እዚያው ሆነው ወደ ተማሪ መቀየር አይችሉም። ከስዊድን ወይም ከኢጣሊያ የሚሄዱ ወገኖቻችንን ይህ ይመለከታል።

— በሠራተኛ ወላጅ ስም፣ ማለትም በኤች-4፣ የገባ ልጅ ሳይቀይር መማር ይችላል። 21 ዓመት ሲሞላው ግን በወላጁ ስም መቆየቱ ያበቃል።

— ጎብኚ መሥራት አይችልም። ኤፍ-1 ያለው ተማሪ ትምህርት ባለበት ጊዜ በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል። ስለዚህ «ገብቼ እየሠራሁ እከፍላለሁ» የሚለው ሐሳብ አያዋጣም።

— ከተፈቀደው ጊዜ አልፎ ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ ሰው 3 ዓመት፣ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ 10 ዓመት እንዳይመለስ ሊታገድ ይችላል። ዛሬ ትንሽ የመሰለች ስህተት የምታስከፍለው ይህን ያህል ነው።

ማጠቃለያ

ይህን ሁሉ በስልክ አነበብንለት። ወንድምየው ለዚያ ሰው ገንዘቡን አልሰጠም። ቀኑ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ሲቀረው ፎርሙን ራሱ ሞልቶ አስገባ። ትምህርቱ ያለ እሱ ሲጀመር ከፍቶታል፤ መልሱም እስከ ዛሬ አልመጣም። ይፈቀድለት ይሆናል፣ ይከለከልም ይሆናል። ቢከለከል ግን ሳይውል ሳያድር አገሩ ተመልሶ በተማሪ ቪዛ በሩን እንደገና ማንኳኳት ይችላል። ክፍል ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይህም ባስቸገረው ነበር። እናታቸው የሸጡት በሬ በከንቱ እንዳይቀር የሚጠብቀው ይኸው ቅደም ተከተል ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ነገ ከትምህርት ቤታችን በር ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚቆም አባት ብናገኝ፣ «አላውቅም» ብለን ከመመለስ ወይም የሰማነውን ከመናገር ይልቅ ቁጭ ብለን ደንቡን እናንብብለት። ከባድ ሲሆንም ወደ ሕግ ባለሙያ እንምራው።

በጽሑፉ ስህተት ያገኛችሁ መምህራንና ሠልጣኞች ንገሩን። በሚቀጥለው እትም እናርማለን።