የኮድ ደረቅ ወደብ

ከአዲስ አበባ በአሮጌው መንገድ ወደ አዳማ የወረደ ሰው ሞጆን የሚያስታውሳት በመገንጠያዋ ነው። ወደ ቀኝ የታጠፈ በመቂና በባቱ አድርጎ ሻሸመኔና ሐዋሳ ይደርሳል፤ ቀጥ ያለ አዳማ ይገባል፣ ሲያሻውም እስከ ጅቡቲ ይዘልቃል። ሞጆ ላይ ልቆይ ብሎ የሚመጣው ጥቂት ነው። በሞጆ በኩል የማያልፍ ግን የለም ማለት ይቻላል።

ይህች ከተማ ሳትሰማ በፕሮግራመሮች ዓለም ሞክሼ አግኝታለች። በሜይ 2023 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሞዱላር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ “ሞጆ” የሚል አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ይፋ አደረገ። ስሙ የተወሰደው አስማት ወይም ግርማ ሞገስ እንደማለት ከሆነ የእንግሊዝኛ ቃል ነው እንጂ ከምሥራቅ ሸዋ አይደለም። ግጥምጥሞሹ ግን ያስቀኛል። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ክሪስ ላትነር፣ ለዓመታት የደከመው በሶፍትዌር ዓለም ውስጥ ልክ ሞጆን የመሰለ መተላለፊያ ሲሠራ ነው። መተላለፊያው ኤልኤልቪኤም ይባላል።

ኮምፓይለር ሰው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈን ፕሮግራም ፕሮሰሰሩ ወደሚያውቃቸው ትእዛዞች የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ችግሩ ቋንቋው ብዙ፣ ፕሮሰሰሩም ብዙ መሆኑ ነው። አሥር ቋንቋና ስድስት ዓይነት ፕሮሰሰር ቢኖር፣ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ለማገናኘት 60 ኮምፓይለር ሊጻፍ ነው። መሃል ላይ ሁሉም የሚያርፍበት አንድ ጣቢያ ካለ ግን ከአሥሩ ቋንቋ ወደ ጣቢያው የሚያመጡ አሥር፣ ከጣቢያው ወደ ፕሮሰሰሮቹ የሚያደርሱ ስድስት፣ በድምሩ 16 ሥራ ይበቃል። ከባሕር ርቆ የተሠራው የሞጆ ደረቅ ወደብም የሚሠራው በዚሁ ሒሳብ ነው። ከጅቡቲ የመጣው ኮንቴይነር ውስጡ ጎማ ይሁን መድኃኒት ክሬኑ ደንታ የለውም፤ የብረት ማእዘኑ እንደ ሌሎቹ ከሆነ ያነሣዋል። ኤልኤልቪኤም ለፕሮግራም ያን ማእዘን ሠራለት። የመሃል ቋንቋው “አይአር” ይባላል።

ነገሩ የተጀመረው በ2000 መጨረሻ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ በኧርባና ሻምፔን ነው። ላትነር ተማሪ፣ ቪክራም አድቬ መምህሩ ነበሩ። የመጀመሪያው እትም በኦክቶበር 2003 ወጣ። ያኔ በነፃው ሶፍትዌር ዓለም የነገሠው ሪቻርድ ስቶልማን በ1987 ያወጣው ጂሲሲ የተባለ ኮምፓይለር ነበር። ጂሲሲም ውስጡ መሃለኛ ቋንቋ ነበረው፤ ግን ከሌላው አካሉ ጋር የተበየደ ነበር። ስቶልማን መሃሉ ለብቻው ከተከፈተ ኩባንያዎች ዝግ ምርታቸውን እየለጠፉበት ነፃነቱን ያመክኑታል ብሎ ይሰጋ ስለነበር መበየዱ ከፊሉ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ላትነር በ2005 ሥራው ከጂሲሲ ጋር እንዲዋሃድ በኢሜይል ሐሳብ አቀረበ። ስቶልማን ያን ግብዣ ሳያውቀው እንዳለፈ የተናገረው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። አንድ ኢሜይል በጊዜው ቢነበብ የዛሬው ታሪክ ምን ይመስል ነበር እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

ግብዣው ሰሚ ባጣበት በዚያው ዓመት አፕል ላትነርን ቀጠረው። በ2007 በኤልኤልቪኤም ላይ የተሠራው ክላንግ የተባለው የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ2012 ደግሞ አድቬ፣ ላትነርና ኢቫን ቼንግ የትልቁን የኮምፒውተር ማኅበር፣ የኤሲኤምን፣ የሶፍትዌር ሥርዓት ሽልማት በኤልኤልቪኤም ተቀበሉ። ስዊፍት፣ ረስት እና ጁሊያ የተባሉት ቋንቋዎች በዚሁ ጣቢያ ያልፋሉ። አንድሮይድ ስልክ የያዘ የአዳማ ባጃጅ ሾፌርም ስልኩ ውስጥ ያለው የሲ እና የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ የተሠራው በክላንግ ነው። ኤልኤልቪኤም የሚለው ስም መጀመሪያ ላይ የአራት ቃላት ምሕፃር ነበር፤ ሥራው ከቃላቱ ሲሰፋ ባለቤቶቹ ትርጉሙን ጥለው ፊደሎቹን ብቻ አስቀሩ።

አሁን ወደ መሃሉ እንግባ፤ ጣዕሙ እዚያ ነው።

በአይአር ውስጥ ለአንድ ስም ዋጋ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንደ ደረሰኝ ቁጥር ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ አይሰረዝም፣ አዲስ ነገር ከመጣ አዲስ ቁጥር ይቆረጣል። ይህ ሥርዓት “ይህ ዋጋ ከየት መጣ?” ለሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ መልስ ብቻ እንዲኖር ያደርጋል። ግን ሁለት መንገድ ሲገናኝስ? “ቢሆን ይህን፣ ባይሆን ያን” ብለን ስንጽፍ ሁለቱ ቅርንጫፎች ተመልሰው አንድ ቦታ ይገጥማሉ። እዚያ ላይ “ፋይ” የሚባል ትእዛዝ ይቀመጣል። ሞጆ መገንጠያ ላይ ቆሞ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውን መኪና “ከሐዋሳ ነው ከአዳማ የመጣኸው?” ብሎ ጠይቆ እንደ መልሱ የሚመዘግብ ተቆጣጣሪ ማለት ነው። ተማሪዎች አይአርን ሲያዩ መጀመሪያ የሚያደናግራቸው ይህ ፋይ ነው፤ አንዴ ከገባ ግን ቀሪው ቀላል ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ኮዱን ለማሻሻል። ከ1 ጀምሮ ተጠቃሚው እስከሰጠው ቁጥር ያሉትን ሁሉ እየዞረ የሚደምር ትንሽ የሲ ፕሮግራም ጻፉና ማሻሻያውን ደረጃ ሁለት ላይ አድርጋችሁ ለክላንግ ስጡት። የሚወጣውን አይአር ስታዩ ዙሩ የለም። ኮምፓይለሩ መደመሩን ትቶ፣ ቁጥሩን ከጎረቤቱ ጋር አባዝቶ ለሁለት የሚያካፍለውን የትምህርት ቤት ቀመር አስቀምጧል። ቀመሩን እኛ አልነገርነውም፤ የዙሩን አካሄድ አጥንቶ ነው የደረሰበት። ልብ ብላችሁ ስታነቡ ደግሞ ባለ 33 ቢት ቁጥር ታገኛላችሁ። 33 ቢት የሚያሰላ ፕሮሰሰር ገበያ ላይ የለም። ብዜቱ ለሁለት ሲካፈል የላይኛዋ ቢት እንዳትጠፋ አንዲት ቢት መጨመር ስለበቃ መሃለኛው ቋንቋ “33 ይሁን” አለ፤ ማሽኑ ላይ እንዴት እንደሚጫን የሚጨነቀው የኋላው ክፍል ነው። እኔ ኤልኤልቪኤምን የወደድኩት ያን 33 ያየሁ ቀን ነው።

ኮምፓይለር ዲዛይን በአገራችን የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የሚወስዱት ኮርስ ነው። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1993 ናዝሬት ቴክኒካል ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው፣ በ2011 ደግሞ የዛሬ ስሙን የያዘው፣ ከሞጆ ብዙም አይርቅም። ኮርሱ ብዙ ጊዜ ቃላትን በመለየትና ዓረፍተ ነገርን በመተንተን ሴሚስተሩን ይጨርስና፣ የማሽን ኮድ ማውጣት ላይ ሲደርስ ጊዜው ያልቃል። ኤልኤልቪኤም የሚረዳው እዚያ ላይ ነው፤ ተማሪው የፊቱን ክፍል ይጽፋል፣ የኋላው ተሠርቶ ይጠብቀዋል።

ከዚያ ግን ተማሪው ኮዱን አውርዶ ራሱ ሊገነባው ይነሣል፤ ጥያቄውም ይጎርፋል። የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን የነበረበት “መገንባት አለብኝ ወይ?” የሚለው ነው። መልሱ በአብዛኛው የለብህም ነው። አይአር ለማየት፣ የራስህን ማሻሻያ ለመጻፍ፣ ትንሽ ቋንቋ ለመሥራት፣ ኡቡንቱ ላይ ተዘጋጅቶ ያለውን ጥቅል መጫን ይበቃል። መገንባት የሚያስፈልገው የኤልኤልቪኤምን አንጀት ለሚነካ ሰው ነው።

እሺ፣ ልነካ ካለስ? ኮዱን ከነሙሉ ታሪኩ ማውረድ የሞባይል ዳታ ጥቅልን ይጨርሳል፤ ኮዱን የሚያወርደውን ጂትን የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ አምጣ ማለት ይቻላል። ከዚያ ትልቁ ወጥመድ ይመጣል። ሰዎች ዝም ብለው ይጀምሩትና ከሰዓታት በኋላ ሥራው መጨረሻው አካባቢ “ሲግናል 9” በሚል መልእክት ይሞታል። እኔም 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ሁለት ቀን ያቃጠልኩት በዚህ ነው፤ ኮዱ ተሳስቷል ብዬ ስፈልግ ቆየሁ። ኮዱ አልተሳሳተም። የተተረጎሙትን ፋይሎች የሚያጋጥመው ሊንከር ብዙ ራም ይበላል፤ ኒንጃ የተባለው ሥራ አከፋፋይ ደግሞ በፕሮሰሰሩ ልክ ብዙ ሊንከሮችን በአንድ ጊዜ ያስነሣል። ራሙ ሲሞላ ሊኑክስ አንዱን ይገድላል። መድኃኒቱ ግንባታውን የሚያዋቅረውን ሲሜክን አንድ ሊንከር ብቻ በአንድ ጊዜ ይሥራ ማለት፣ ከዲበግ ይልቅ ሪሊስ የሚባለውን ዓይነት መምረጥ፣ ከደርዘን ከሚያልፉት የፕሮሰሰር ዓይነቶችም የራስህን ብቻ ማስገንባት ነው። የዲበጉ ዓይነት ከ15 እስከ 20 ጊጋባይት ዲስክ ይፈልጋል፤ ሪሊሱ በጥቂት ጊጋባይት ያልቃል። መብራት ቢጠፋም አትደንግጥ። ኒንጃ ያለቀውንና የቀረውን ስለሚያውቅ፣ መብራት ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ብትደግምለት ካቆመበት ይቀጥላል።

ሁለተኛው የምሬት ምንጭ ያረጀ ማስተማሪያ ነው። ኤልኤልቪኤም በየስድስት ወሩ አዲስ ዋና እትም ያወጣል፤ የሲ ፕላስ ፕላስ በሮቹ እንደነበሩ እንደሚቆዩ ቃል አይገባም። የማስታወሻ አድራሻ ምን ዓይነት ነገር ላይ እንደሚያመለክት የሚናገሩት የድሮ ጠቋሚዎች በ2022 እትም 15 ላይ ከመደበኛነት ወጡ፣ በ2023 እትም 17 ላይ ጨርሶ ጠፉ። ስለዚህ በ2018 የተቀረጸ ቪዲዮ እያየ የሚጽፍ ተማሪ የሚገጥመው ስሕተት የራሱ አይደለም። የጫነውን እትም ቁጥር አይቶ፣ የዚያኑ ቁጥር ሰነድ ማንበብ አለበት።

“ማሻሻያውን ሳጠፋው ይሠራል፣ ሳበራው ይበላሻል፤ ኮምፓይለሩ ተሳስቷል” የሚል ክስም አለ። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የከሳሹ ነው። የሲ ቋንቋ ውል አለው፤ ምልክት ያለው ቁጥር ሞልቶ አይፈስም ይላል። ኮምፓይለሩ ውሉን አምኖ “አንድ ቁጥር ላይ 1 ከተጨመረ ይበልጣል” የሚለውን ፍተሻ ሁልጊዜ እውነት ነው ብሎ ያወጣዋል። ውሉን ያፈረሰው ፕሮግራመሩ ስለሆነ ኮምፓይለሩ አይጠየቅም። ከክላንግ ጋር የሚመጡት ሳኒታይዘሮች እንዲህ ያለውን ውል ማፍረስ ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ ከነመስመሩ ያሳያሉ፤ ከመክሰስ በፊት እነሱን ማሠራት ይበጃል።

አዳማ ላይ ይህን ነገር የሚማር ሰው አንድ ቀን የራሱን ቋንቋ መሥራት ማሰቡ አይቀርም። ካላይዶስኮፕ የተባለው የኤልኤልቪኤም ማስተማሪያ ትንሽ ቋንቋ ከዜሮ ስለሚያሠራ “ከሆነ”፣ “አለበለዚያ” የሚል ቋንቋ ለመሥራት መነሻ ይሆናል። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ “5ን እና 3ን ደምር” የሚለውን መተንተን እንደ እንግሊዝኛው አይሆንም፤ ግን ይህ የፊቱ ክፍል ጉዳይ ነው፣ መሃሉ ላይ ሲደርስ አንድ መደመር ብቻ ነው። የሚያስቸግረው ፊደሉ ነው። “ዓመት”፣ “ዐመት” እና “አመት” ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፓይለር ሦስት የተለያዩ ስሞች። የፊቱ ክፍል አንድ ካላደረጋቸው ፕሮግራመሩ ሲያለቅስ ይውላል። ቁጥሮቻችንም የራሳቸው ጠባይ አላቸው፦ በዩኒኮድ የስም ደንብ ከ፩ እስከ ፱ ያሉት በስም መሃልና መጨረሻ ይፈቀዳሉ፣ መጀመሪያ ላይ አይፈቀዱም፤ ፲ እና ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ የትም ቦታ የላቸውም። የኦሮምኛው ቁቤ በላቲን ስለሚጻፍ ከዚህ ሁሉ የዳነ ይመስላል። ግን ሁዻ የሚባለው ምልክት፣ “ቡኣ” በሚለው ቃል መሃል ያለው ጭረት፣ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሲ ቋንቋ ነጠላ ፊደልን በሚከፍትበት በዚያው ነጠላ ጥቅስ ነው። ኮምፓይለሩ ቃሉን መሃል ላይ ቆርጦ ጥቅሱ የሚዘጋበትን ይፈልጋል።

ክላንግ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ዛሬም ይቀበላል። “ደምር” የሚል ፋንክሽን ጽፋችሁ አይአሩን ብትከፍቱ ግን ፊደሎቹን አታገኙም፤ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነ ስሙ ዘጠኝ የባይት ቁጥር ሆኖ በጥቅስ ውስጥ ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል።