ከላይ የሚወድቀውን መዶሻ ሄልሜት ብቻ አይመክተውም

ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የድንጋይ ግንቡና ጥንታዊ ቤቶቹ ጥገና አይለያቸውም፤ ጥገና ባለበት ደግሞ መወጣጫ፣ መዶሻ፣ ቱንቢና የግንብ ድንጋይ አለ። መተላለፊያዎቹ እጅግ ጠባብ ስለሆኑ ከላይ ዕቃ ቢያመልጥ እግረኛው ዘወር የሚልበት የለውም። 1 ኪሎ መዶሻ ከ5 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ መሬት የሚደርሰው በ1 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። «ተጠንቀቅ!» የሚለው ጩኸት አይቀድመውም።

ስለዚህ መፍትሔው ዕቃው እንዳይወድቅ አስቀድሞ መሥራት ነው፤ ይህም በሥልጠና ይለመዳል። መሣሪያን በገመድ ከወገብ ወይም ከመወጣጫው ማሰር፣ በጠርዙ ዙሪያ ጣውላ መምታት፣ ድንጋይን ከመወርወር በባልዲ መሳብ፣ ሥሩን በገመድ ከልሎ መንገደኛን ማራቅ፣ ሥራ ሲያበቃም ልቅ ዕቃ መልቀም የሠለጠነ ሠራተኛ ልማዶች ናቸው።

«ሄልሜት አለን» የሚሉ አሉ። ሄልሜት ግን ትከሻን አይሸፍንም፤ በሥር የሚያልፈው ሕፃንም አላደረገውም። «የቀን ሠራተኛ ዛሬ መጥቶ ነገ ይሄዳል፤ ማሠልጠን ኪሳራ ነው» የሚለው ክርክር ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ነገር ግን አዲስ ሰው በየቀኑ የሚመጣ ከሆነ፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር በቦታው ላይ እያሳዩ የሚሰጥ የ10 ደቂቃ ትምህርት ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አይቀርም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያውቅ የማድረግን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ጥቂት ሜትር ገመድና 10 ደቂቃ የሚቆጥብ አሠሪ ለሕክምናና ለካሣ ከዚያ በላይ መክፈሉ አይቀርለትም።