ቀዳዳዋ ትንሽ፣ ሒሳቡ ትልቅ

አክስቴ "ልቤ ድው ድው ይልብኛል" ስትል "ቡናው በዝቶ ነው" ብለን አለፍናት። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ግን ነርሷ የእጇን አንጓ ይዛ ዝም አለች። ምቱ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘላል። ኢሲጂ ተነሳች፤ የበሽታው ስም ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሆነ።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ስለ ልብ ምንም አላውቅም ነበር። ያን ሌሊት ስልኬ ላይ ሳነብ አደርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የልብ የላይኛዎቹ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተር ትተው ይንቀጠቀጣሉ። ያኔ ደም በግራ በኩል ባለች ትንሽ ኪስ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም አንጎል ከደረሰ ስትሮክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ኮክስ ደረት ከፍቶ የልብን ግድግዳ እየቆረጠ መልሶ ሰፋ። ጠባሳ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የተዛባው ምልክት መሄጃ ያጣል። በ1998 ደግሞ የቦርዶ፣ ፈረንሳይ ሐኪሞች ቀስቃሹ ምልክት በብዛት የሚነሳው ከሳንባ ወደ ልብ ደም ከሚያመጡት ሥሮች እንደሆነ አሳዩ።

ዛሬ ያንኑ ጠባሳ ለመሥራት ደረትን መክፈት ሁልጊዜ ግድ አይደለም። ወይ በብሽሽት በኩል ቀጭን ካቴተር ይገባል፣ ወይ በጎን አጥንቶች መሃል በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ይገባል፤ ልብ እየመታ። በሁለተኛው መንገድ ያቺን ኪስ አብሮ መዝጋትም ይቻላል። ግን ዋስትና የለውም፤ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል፤ ብዙዎች ከዚያ በኋላም የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ።

"ለአክስቴስ?" ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኩ። የእሷ መነሻ ሌላ ነው፦ በልጅነቷ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቯን አጥብቦታል። እኛ አገር ይሄ የተለመደ ታሪክ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት ቫልቩ ነው፤ እስከዚያ ዋርፋሪንና ተከታታይ የደም ምርመራ።

አክስቴ ጉልት ነው የምትሸጠው። አንድ ምርመራ አንድ የገበያ ቀን ይበላባታል። "ልተወው" አለች። ቁጭ ብለን አሰላነው፦ በወር የሚቀሩት ቀናት በአንድ በኩል፣ ስትሮክ የሚወስደው እጅና አንደበት በሌላ በኩል። አሁን በምርመራ ቀን ጉልቱ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ዛሬ ቤት ስትገቡ ስልኩን አስቀምጡና የእናታችሁን አንጓ በሁለት ጣት ያዙ፤ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ምቱ ከተዘበራረቀ፣ ቡናው ላይ አታሳብቡ። ኢሲጂ አስነሱ።