የሚያስፈራ ታሪክ ለክርስቲያን ቤት ይገባልን?

ልጆቻችን የሚያስደነግጥ ልብ ወለድ ታሪክ ሲያነቡ ስናገኛቸው መጽሐፉን ከእጃቸው ነጥቀን ለመደበቅ እንቸኩላለን። ነገር ግን የተከለከለ መጽሐፍ በብርድ ልብስ ውስጥ ይነበባል፤ ብቻውን ያነበበ ልጅም ፍርሃቱን ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ ወላጅ ከመፍረዱ በፊት ራሱ ሊያነብ ይገባዋል እንላለን።

ለዚህም ጉዞ የተመቸ ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ በሰንዳፋ፥ በሸኖና በጫጫ አልፎ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ እስከ አንኮበር ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እኛም በዚሁ መንገድ ስንጓዝ «ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ» የተባለውን አጭር መጽሐፍ ይዘን ነበር። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ይህን ታሪክ ያሳተመው በ1878 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቈርቈሯ ጥቂት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

ዶክተር ጄኪል በለንደን ከተማ የተከበረ ሐኪም ነው። በስውር የሚመኘውን ክፋት ስሙ ሳይጐድፍ ለመፈጸም ሲል መድኃኒት ቀምሞ ይጠጣል፤ መልኩም ተለውጦ ሃይድ የተባለ ሌላ ሰው ይሆናል። ሃይድ በሌሊት አንዲት ታናሽ ልጅ ረግጦ ያልፋል፤ በኋላም አንድ ሽማግሌ በዱላ ደብድቦ ይገድላል።

መንገዱ ከደጋው አፋፍ ሲደርስ ጉም ከቆላው ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ በመጽሐፉም ውስጥ የለንደን ጉም ነበረ። ይሁን እንጂ ያስደነገጠን ጉሙ አልነበረም። ጄኪል አንድ ቀን ማለዳ ከእንቅልፉ ሲነቃ፥ መድኃኒቱን ሳይጠጣ፥ በአልጋው ላይ የተዘረጋው እጅ የሃይድ እጅ ሆኖ ያገኘዋል። አስቀድሞ በፈቃዱ የጠራው ክፋት ከዚያ ወዲያ ሳይጠራ የሚመጣ ሆነ። ማናቸውም ልማድ፥ መጠጥም ቢሆን ሐሰትም ቢሆን፥ ሰውን የሚገዛው በዚህ መንገድ መሆኑን ያልታዘበ ማን አለ?

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ግን ሌላ አስፈሪ ታሪክ ትዝ አለን። ከተማዪቱን በ15ኛው መቶ ዓመት የቈረቈሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጠንቋዮችን ተንኰል ለመከላከል ካህናት በቤተ መንግሥታቸው ቀንና ሌሊት እየጸለዩ ጠበል እንዲረጩ ያደርጉ እንደ ነበር ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ተአምረ ማርያም በእመቤታችን በዓላት በአብያተ ክርስቲያናት እንዲነበብ ሥርዓት ያጸኑም እርሳቸው ናቸው። ከዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ነው የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የምንሰማው የበላዔ ሰብእ ታሪክ የሚገኘው።

የቅምሩ ሰው ቤተ ሰቦቹን ሳይቀር 78 ነፍስ በላ። ከዚህ የባሰ ምን የሚያስፈራ ልብ ወለድ አለ? እኛ ግን ይህን በሕፃንነታችን ከእናቶቻችን ጕን ቆመን ሰምተነዋል፤ ማንም ጆሯችንን አልያዘም። በላዔ ሰብእ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለተጠማ በሽተኛ ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ያም ውኃ በሚዛን ላይ ደምን መዘነ። ታሪኩ ያስደነግጣል፤ ሆኖም ለሰሚው የመመለሻ መንገድ ያሳየዋል።

የጄኪል ፍጻሜ ሌላ ነው። ወዳጁና አሽከሩ የተዘጋውን በር በመጥረቢያ ሰብረው ሲገቡ የሃይድን ሬሳ ያገኛሉ፤ መርዝ ጠጥቶ ሞቷል። ጄኪል ምስጢሩን በዝርዝር ጽፎ ትቷል፤ ወዳጁ ግን ያነበበው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ቃል አስቀድሞ በአፉ ለአንድ ሰው ቢነገር ኖሮ እንዴት ያለ ታሪክ በሆነ!

ስለዚህ መጽሐፉን ለታናናሾች ማታ ማንበብ አይገባም፤ ለጐለመሱት ግን ከመከልከል አብሮ ማንበብ ይሻላል። ደም መፋሰስን ለጨዋታ ብቻ የሚደረድር መጽሐፍ ይቅር፤ ክፋት ከሰው ልብ እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳየው ግን ይነበብ። ልጃችሁም የመጨረሻውን ገጽ በዘጋ ጊዜ፦ «ጄኪል ለማን ሊናገር ይችል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። እርሱስ ጭንቀት ቢያገኘው ለማን እንደሚናገር ከመልሱ ታውቃላችሁ።